የዝውውር ሽማግሌዎች

እኛ አበሾች የፈለግነውን ነገር መጀመሪያ እምቢ ሳንል አንወስድም። በሰው ቤት "ብላ" ስንባል፣ ሆዳችን እየጮኸ "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" እንላለን፤ ጋባዣችን "በሞቴ" ብሎ ሲለምነን ነው እጃችንን የምንታጠበው። አትሳቁ፣ እናንተም ትናንት ይህንኑ አድርጋችኋል። ችግሩ፣ ጋባዡም ደንቡን ማወቅ ያለበት መሆኑ ነው።

ልጄ ናርዶስ ግብ ጠባቂ ናት። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ባለችው የሰፈር ሱቃችን ውስጥ አድጋ፣ ጠዋት ጠዋት ከመኪና የሚወረወርላትን ዳቦ ስትቀልብ ነው እጇ የሠለጠነው። አሁን አንዲት ትንሽ ኮሌጅ እየተማረች ትጫወታለች። በቅርቡ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ወደ ቡድኑ እንድትዛወር ፈለጋት። ውሉ የትምህርት ክፍያዋን፣ ማደሪያዋንና የኪስ ገንዘቧን ይሸፍናል፤ ፎቶዋ ማስታወቂያ ላይ ከወጣም ድርሻ አላት። ዕድሜዋ ደርሷል፣ ራሷ መፈረም ትችል ነበር። ግን "አባዬ ሳይመርቀኝ አልፈርምም" ብላ ሰውየውን ቤት ድረስ ላከችው።

እንግዲህ ሰው ልጃችሁን ፈልጎ ቤታችሁ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? ሽማግሌ ትጠራላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ላምቤቦን ጠራሁ፤ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ከጎረቤት ከተማ ከዳቬይተን ከች አሉ። ናርዶስ ልምምድ ላይ ነበረች። አሰልጣኙ በነጭ መኪና መጥቶ፣ ለስላሳውን እንደጨበጠ ስለ ቡድኑ ሲያወራ ጋሽ ላምቤቦ በትዕግሥት አዳመጡት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው በእንግሊዝኛ "የምንሰጣት ልጅ የለችንም" አሉት።

እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማራከስ ነዋ! ሰውየው ደነገጠ፣ አመሰገነ፣ ወጣ።

"ይመለሳል" አሉኝ ጋሽ ላምቤቦ።

አልተመለሰም። ነጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ እያልኩ፣ ስኳር ለጠየቀኝ ጨው እየሰጠሁ ሳምንት አለፈ። በስምንተኛው ቀን ናርዶስ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

"አባዬ፣ ኖ ብላችሁታል! የቤተሰብሽን ውሳኔ አከብራለሁ አለኝ። ሌላ ኪፐር እያየ ነው።"

"የእኛ እምቢታ እኮ እምቢታ አይደለም" አልኳት።

"እሱ በምን ይወቅ?"

አፈርኩ።

በማግስቱ ከጋሽ ላምቤቦ ጋር ታክሲ ተሳፍረን ዩኒቨርሲቲው ሄድን። አሰልጣኙ ወንበር ቢሰጠን፣ ለልመና የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥምና ቆመን ቀረን። ግራ ገብቶት እሱም ቆመ። የመጀመሪያው እምቢታችን ወግ ብቻ እንደነበር ስናስረዳው ሰምቶን ሲያበቃ "ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሬ አሳውቃችኋለሁ" አለ።

ጋሽ ላምቤቦ ከቢሮው ስንወጣ ፊታቸው በራ። "ዘመድ ላማክር ማለቱ ነው፤ እሺ ብሏል!"

ለናርዶስ ስነግራት ግን ፊቷን አዞረች። "እዚህ አገር እንደዚያ ሲሉ፣ አባዬ፣ አይሆንም ማለታቸው ነው።"

ማናቸው ልክ እንደሆኑ አላውቅም፤ መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ የናርዶስን እናት ለጋብቻ ስጠይቅ አማቼ ሽማግሌዎቼን ሦስት ጊዜ መልሰው፣ በአራተኛው ነው እሺ ያሉት። አርብ ዩኒቨርሲቲው እሄዳለሁ። ገና ሁለተኛዬ ነው።