የኳስ ጓደኛ ለቅሶ

ወንድ ልጅ ኳስ ሲወድ ማንም ምክንያት አይጠይቀውም። ሴት ስትወድ ግን ምርመራ ይከፈትባታል። «ባልሽ ነው ያስለመደሽ?» ይሉኛል። ባል የለኝም። «ወንድሞችሽ ናቸው?» ወንድሞቼ ቅዳሜ ከሰዓት የሚተኙ ሰዎች ናቸው። «ታዲያ ከተጫዋቾቹ አንዱን ወደሽው ነው?» ይሄን የሚጠይቁኝ ሰዎች ምናለ ዕድሜዬን ቢያዩ? ሃምሳዎቹን ከጀመርኩ ቆየሁ፤ ተጫዋቾቹ ልጆቼ ይሆናሉ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን ሳያቸው የሚያሳስበኝ ምሳ በልተው ይሆን ወይ የሚለው ነው። ሴት ልጅ ኳስን በኳስነቱ ልትወደው ትችላለች ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። እሳቸውም ሞቱብኝ።

ጋሽ ተካ ቀራንዮ ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ፤ የጭነት መኪና ሹፌር። ልጅ ሆኜ አጥራቸው ላይ ተንጠልጥዬ ከግቢያቸው የሚመጣውን የሬዲዮ ጨዋታ ሳዳምጥ፣ መኪናቸው ሥር ተኝተው ብረት ሲቀጠቅጡ አዩኝ። እንደሚያባርሩኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሳቸው ግን «ማን አገባ? ጆሮዬ ላይ እየመታሁ አልሰማሁም» አሉኝ። ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳቀበለው፣ በረኛውም የት ቆሞ እንደነበር ነገርኳቸው። በሳምንቱ እናቴን ሊያስፈቅዱ መጡ። እናቴ ኳስን ከዘፈንና ከጠጅ ለይታ የማታይ አማኝ ስለነበረች «ልጅቷ ንጹሕ አየር ያስፈልጋታል» አሏት። የወሰዱኝ ካታንጋ ነው። ካታንጋ ማለት የስታዲየሙ ርካሽ ቦታ፣ ፀሐይም ዝናብም ስድብም ለሁሉም እኩል የሚወርድበት ማለት ነው። እሱን ንጹሕ አየር ብሎ የጠራ ሰው ከእሳቸው በፊትም በኋላም የለም።

ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካችንን አብረን አየን። ክለባችንን በስሙ አልጠራውም፤ ግማሹ ጎረቤቴ የሌላው ደጋፊ ስለሆነ ንባቡን እዚህ ላይ ያቆመዋል። የምናወራው ስለ ኳስ ብቻ ነበር። የቤታቸውን ጣጣ አልነገሩኝም፣ የእኔንም አልጠየቁኝም። እጮኛዬ ትቶኝ የሄደ ጊዜ እንኳ ዓይኔን አይተው «አሰላለፉ ከመጀመሪያውም አላማረኝም ነበር» አሉና ወደ ጨዋታው ተመለሱ። በዚያ ሰሞን ካጽናኑኝ ሰዎች ሁሉ የእሳቸውን ያህል አንጀቴን ያራሰው የለም።

ዘንድሮ ክለባችን በአፍሪካ ውድድር ወደሚቀጥለው ዙር ለማለፍ ሰው አገር ሄዶ ሊጫወት ሆነ። ጋሽ ተካ ደግሞ ልባቸውን ታመው ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተኝተዋል። ጨዋታው እሑድ ከሰዓት ነው፣ በቴሌቪዥን አይታይም፣ ያለው ሬዲዮ ብቻ። እኔ በዚያው ሰዓት ዓለም ባንክ ሰፈር የእህቶች ጸሎት አለብኝ። ጸሎቱን የምመራው እኔ ራሴ ስለሆንኩ ምን ብዬ ልቅር? ስለዚህ ከጸሎቱ በፊት ሆስፒታል ሄጄ ትንሿን ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር አስተካከልኩላቸውና፣ የምታስታምማቸውን ምራታቸውን ሰናይትን ኮሪደር ላይ ጠርቼ አደራ አልኳት። «እንዳለፉ ወዲያው ደውይልኝ» አልኳት። ሰናይት ኳስ ክብ መሆኑን ታውቅ እንደሆነ እንጃ። ትንሽ ደንገጥ ብላ አየችኝና «እሺ እትዬ» አለች።

ጸሎቱ መሀል ላይ ስልኬ ጠራ። ወደ ደጅ ወጥቼ አነሳሁት። «እትዬ መሠረት፣ አለፉ» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ተቸገሩ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። መጨረሻ ላይ ትንሽ ነው እንጂ በሰላም ነው ያለፉት አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን ልጠብቅ? «ጌታ ይመስገን፤ ለፍተዋል፣ ይገባቸዋል» ብዬ እልልታዬን ለቀቅኩት። ውስጥ ያሉት እህቶች የጸሎት መልስ መጣ ብለው ተቀበሉኝ። የእኛ እህቶች ለእልልታ ማብራሪያ አይፈልጉም። ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ አቀለጡት። በስልኩ ውስጥ ሰናይት ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ይሰማኛል። ይቺ ልጅ በመጨረሻ ኳስ ገባት አልኩ በልቤ።

ጸሎቱን እንደምንም ዘግቼ፣ ከጋሽ ተካ ጋር ደስታችንን የምናከብርበት ብርቱካን ገዝቼ፣ ታክሲ ይዤ ዘነበወርቅ ደረስኩ። አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ተነስቷል። ሬዲዮዋ ግን ኮመዲኖው ላይ ሆና ታወራለች፤ ጋዜጠኛው ክለባችን እንዴት እንዳለፈ ይተነትናል። ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ጋሽ ተካ ይሄን ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ የሄዱት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቋንቋችን አንድን ሽማግሌ ሲያከብር ብዙ ሰው ያደርገዋል። አሥራ አንድ ተጫዋቾች ዙሩን ሲጨርሱም አለፉ ነው፣ አንድ ጋሽ ተካ ከዚህ ዓለም ሲለዩም አለፉ ነው። ልጅቷ «አረፉ» ብትለኝ ኖሮ አንዲት ፊደል ታድነኝ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሰናይት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «የእርስዎ እልልታ ባይሆን እዚያው ወድቄ እቀር ነበር» አለችኝ። «እንዳለፉ ደውይልኝ ሲሉኝ ጌታ ቀድሞ እንደነገረዎት የገባኝ አሁን ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በእልልታ ሲሸኛቸው በጆሮዬ ሰማሁ እኮ።» የከፈትኩትን አፍ መልሼ ዘጋሁት።

ለቅሶው ላይ ደግሞ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ድንኳን ገብቶ ጠበቀኝ። ፓስተሩ ሞትን በእልልታ ስለተቀበለች እህት ተናገረ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያማ የማትጽናና ሴት በተገኘች ቁጥር ደግፈው ወደ እኔ ያመጧት ጀመር። የሟች እህት ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ እኔ ጀርባዋን እደባብሳለሁ። ለዓመታት ያልጠየቋቸው ዘመዶቻቸው መጥተው አለቀሱ፣ እኔ ውሃ አቀርባለሁ። መኪናቸውን ከእሳቸው የገዛው ሰውዬ ሳይቀር አለቀሰ።

እኔ ብቻ አላለቀስኩም። እንዴት ላልቅስ? አንድ እንባ ካመለጠኝ ሰናይት መጠየቅ ትጀምራለች፤ ከጠየቀች ደግሞ እልልታው ለኳስ እንደነበር ታውቃለች፤ ያቺ ልጅ ደግሞ የቆመችው በዚያ እልልታ ነው። እውነቱን ብነግራት መጽናኛዋን መቀማቴ ነው። ዝም ስል ደግሞ ለቅሶዬን ከራሴ ቀማሁ። ደግሞስ ባለቅስ ማን ነኝ ብዬ ነው የማለቅሰው? ሚስታቸው አይደለሁም፣ ልጃቸው አይደለሁም፣ ዘመድም አይደለሁም። ድንኳን ውስጥ ሁሉም ቦታ አለው፣ ለኳስ ጓደኛ ግን የተዘጋጀ ወንበር የለም። ፈገግ ብዬ ሦስቱን ቀን ተቀመጥኩ። ከሰው ሁሉ በላይ የጎደለብኝ እኔ ነኝ ብዬ መጮህ አማረኝ፣ አልጮህኩም።

የሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ «በሜዳችን» ነበር። ሜዳችን ደረጃውን አያሟላም ስለተባለ በሜዳችን የምንጫወተው ሰው አገር ሄደን ነው። ይሄኛው በዲሽ ይታያል ሲባል ቀራንዮ ኳስ የሚያሳይ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። አንድ ለባዶ ስንመራ ቆይተን አቻ ሆንን፤ ልክ ሊያልቅ ሲል ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠብን።

ጋሽ ተካ በሕይወታቸው አንድም ፍጹም ቅጣት ምት አይተው አያውቁም። ልባቸው አይችልም። ዳኛው ነጥቡን ሲያመለክት ፊታቸውን ያዞሩና «መሢ፣ ንገሪኝ» ይላሉ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ። ስታዲየምም ቤትም እንዲሁ ነው። እናም ያን ዕለት ዳኛው ሲነፋ ሳላውቀው ድምፄን አውጥቼ «ኳሷን አስቀመጠ፤ ወደ ኋላ ሄደ፤ መጣ» ማለት ጀመርኩ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን እያየ ነው፤ የሚነገረው ሰው የለም። «ገባ» አልኩ። ያኔ ድንኳን ውስጥ አፍኜ የያዝኩት ሁሉ መጣ።

ነጠላዬን አፌ ላይ ብይዝም አልቆም አለ። የቤቱ ባለቤት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው። አጠገቤ የነበረ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ፣ እሱም ዓይኑ ቀልቷል፣ የክለባችንን ሻርፕ ከአንገቱ አውልቆ እንባዬን እንድጠርግበት ሰጠኝና በጣም አዝኖ «አይዞዎት እናቴ፣ ገና የመልስ ጨዋታ አለ» አለኝ።