«ቻው» አልልም ብዬ እትዬ አልማዝን ከአውሮፕላን ያስቀረሁ ዕለት

እናንተዬ፣ በወሬ ብቻ አውሮፕላን ማስመለጥ ይቻላል? አዎ! ዛሬ ለንደን፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ እኔ አደረግኩት። እናቴ እንኳን አልሰማችም፣ ለእናንተ ልተንፍሰው።

እትዬ አልማዝን አታውቋቸውም። ለትምህርት ለንደን የመጣሁ ሰሞን፣ ማንንም ሳላውቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አንስተው ስትሪትሃም ቤታቸው ያስገቡኝ ሴት ናቸው። ለሁለት ሳምንት ነው ተባለ። ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ዛሬ ጠዋት ጠቅልለው አገር ቤት ሊገቡ ነበር። ታላቅ እህታቸው ደብረ ብርሃን ብቻቸውን ናቸው፤ ከእንግዲህ አንለያይም ተባብለዋል።

እኔ ደግሞ «እኚህን ሴትዮ በቻው አልሸኛቸውም!» ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

ምክንያት አለኝ። ባለፈው ሳምንት ባስ ላይ ቁጭ ብዬ ሰርች ሳደርግ፣ ቻው ጣልያኖቹ ጋ ጥንት «ባሪያህ ነኝ» ማለት ነበር ይላል። ባሪያህ ነኝ! እኛ ለአከራዩም ለማናጀሩም በቀን ሃያ ጊዜ የምንለው!

ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ጉድባይ «እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን» ነበር፤ እንግሊዞቹ ሲቸኩሉ አሳጠሩት። የስፔኖቹ አዲዮስም ሰውየውን ለእግዜር አደራ መስጠት ነው። ዓረቦቹ «ከሰላም ጋር» ይላሉ፣ ፈረንሳዮቹ «እስክንተያይ»። የጃፓኖቹ ሳዮናራ ደግሞ «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ...» ማለት ነበር አሉ። በቃ፣ ሌላ የለውም። እሷን ሳነብ ሆዴ ባብቶ መውረጃዬን አለፍኩ።

የኛስ? ደህና ሁኚ። አብሬሽ ባልሆንም ደህና ሁኚልኝ ነው እኮ። ምን ይወጣለታል?

ይህን ሁሉ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። አምስት ገጽ ሆነ። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት።

የኛን ሰው ሽኝት መቼም ታውቁታላችሁ። መንገደኛዋ አንድ፣ ሸኚው አስራ ስምንት። ሻንጣው ገባ፣ ሴኪውሪቲው መግቢያ ጋ ክብ ሠርተን ቆምን። ሰዓት ነበረን፣ እውነቴን ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጀመርኩ።

ጣልያን ስደርስ እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጃፓን ስደርስ አንዱ ሰዓቱን አየት አደረገ። ያቋረጠኝ ግን የለም። ይሉኝታችን እኮ ነው የሚገድለን! አንድ ሰው እንኳን «አንቺ ልጅ፣ በቃሽ» አይልም?

የባሰው የመጣው እኔ ስጨርስ ነው። እኔ ስለተናገርኩ ሌላው ዝም ብሎ መሰናበት አፈረ። የዕድሩ ሊቀመንበር ተናገሩ። አንዷ ዘማሪ ተናገረች። ሌላው «እኔ አላረዝምም» ብሎ ጀመረ። (እንዲህ ብሎ ያሳጠረ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?) ከዚያ እትዬ አልማዝ መረቁን። አስራ ስምንት ሰው፣ በየተራ፣ በየስሙ፣ አሜን፣ አሜን። ከዚያ ደግሞ መሳሳሙ አለ።

አውሮፕላኑ ሄደ።

እሳቸው ሰልፉን ጨርሰው ሲደርሱ በሩ ተዘግቷል። ሻንጣቸው ወረደ። እንደምንም ለነገ ጠዋት ቦታ ተገኘ። የስትሪትሃሙን ቤት ቁልፍ አስረክበዋል፣ ስለዚህ ማደሪያቸው እኔ ጋ፣ ሰሞኑን ብሪክስተን የተከራየኋት ክፍል ሆነ።

ለእህትየው ማን ይደውል? ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ደወልኩ። ሴትዮዋ ለመቀበል ብለው ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ወርደው ኖሯል። ደንግጠው አሟት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አይ እትዬ፣ እኔ... ንግግር ሳደርግ ነው» አልኩ።

«ንግግር?» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

በቲዩብ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ስንመለስ እትዬ አልማዝ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ብሪክስተን ልንደርስ ስንል ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«እንዳልሄድብሽ ነበር አይደል የምታረዝሚው?»

ለካ እኔ ራሴም አላወቅኩትም ነበር። እንባዬ ዝርግፍ አለ።

እጄን ያዝ አደረጉኝ። «እኔም እኮ ሰዓቱን አይቼ ነበር» አሉ። «ወድጄ ነው ዝም ያልኩት። ነገ ግን እህቴ ትጠብቀኛለች፣ እሄዳለሁ።»

ሰው ፊት፣ ባቡር ውስጥ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩላችሁ። አንድ እንግሊዛዊ ሶፍት ሰጠኝ።

አሁን ወስኛለሁ። ነገ ሸኚ የለም፣ እኔና እሳቸው ብቻ። የሚነበብ ነገርም የለም። የዓለምን መሰናበቻ ሁሉ ስለቅም ስድስት ዓመት ሙሉ ብያቸው የማላውቀውን አንድ ቃል ዘልዬው ነበር፤ እወድዎታለሁ። እሷን ብዬ ዞር እላለሁ፣ የመጣው ይምጣ!

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ይህቺን ቃል ሳያለቅስ መጨረስ የቻለ ሰው ከመሃላችሁ አለ? ካለ እንዴት እንዳደረገው ይጻፍልኝ። ብቻ አደራ፣ አጠር አድርጉት!