ጀርባዋን ስለሰጠችው ሴትዮ

ቀን፦ የወሩ ሁለተኛ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተጀመረ
ቦታ፦ የመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ
የተገኙ አባላት፦ ርዕሰ መምህሩ (ሰብሳቢ)፣ የሒሳብ መምህሩ፣ የወላጆች ተወካይ ልብስ ሰፊዋ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው (ጸሐፊ)
በእንግድነት፦ አመልካቿ ጡረተኛ ነርስ
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አራት ያስፈልጋሉ። የሒሳብ መምህሩ "እኔ የረሳሁትን ማስመሪያዬን ፍለጋ ነው የመጣሁት እንጂ ለስብሰባ አይደለም" ቢሉም፣ ማስመሪያው እስኪገኝ እንደ ተገኙ ተቆጥረዋል።

አጀንዳ 1፦ ነርሷ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለአራተኛ ክፍል ሥዕል አስተውሎ ማየትን በነጻ ላስተምር ስላሉበት ማመልከቻ

የሒሳብ መምህሩ፣ ዓይን ያለው ሁሉ ስለሚያይ ትምህርቱ አያስፈልግም ብለዋል። ነርሷ፣ ጆሮ ያለውም ሁሉ ይሰማል፤ ሆኖም እሳቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ከምግብ በኋላ" ያሉት ኪኒን ከምግብ በፊት ሲዋጥ መኖሩን አስረድተዋል። ሰብሳቢው "ሲስተር፣ በነጻ የሚባል ነገር ያስፈራኛል" ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሥዕል እስካላመጡ ድረስ እንዲያስተምሩ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ነርሷ አስቀድመው ስላመጡት ሥዕል

ሥዕሉ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮት ላይ የቆመች ሴት ነው። ሰብሳቢው ለተማሪ ጀርባ መስጠት ነውር መሆኑን ገልጸው፣ ሠዓሊው እንዲያዞራት በደብዳቤ ይጠየቅ ብለዋል። ሠዓሊው ከሞተ መቶ ዓመት እንዳለፈው ሲነገራቸው፣ ደብዳቤው ለጊዜው እንዲቆይ ተስማምተዋል። ቀጥለውም ፊቷን ለማየት ሥዕሉን ገልብጠዋል። በስተጀርባው ካርቶንና ሁለት ሚስማር እንጂ ፊት አለመገኘቱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዋል፤ ተይዟል።

ልብስ ሰፊዋ የቀሚሷ ጠርዝ መተርተሩን ጠቁመው፣ "በጥድፊያ ነው የለበሰችው፤ የሚመጣ ሰው አላት" ብለዋል። ሰብሳቢው የሚመጣው ሰው ቀጠሮ መያዝ አለመያዙን ጠይቀዋል። የሒሳብ መምህሩ፣ መስኮቱ ስምንት መስታወት እንዳለው ቆጥረው፣ የምትጠብቅ ብትሆን በሩ ጋ በቆመች፤ ይህች ግን ሸኝታ ነው ሲሉ ተቃውመዋል።

ልብስ ሰፊዋ፦ "ኧረ ጋሼ! የሰው ልብ በማስመሪያ ይለካል እንዴ?"

የሒሳብ መምህሩ ወደ ሥዕሉ ቀረብ ብለው፣ "ልጃችን ከቤት የወጣች ቀን እናቷ እንዲህ ነበር የቆመችው። እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። አሁን ገና ነው ያየኋት" ብለዋል። ሰብሳቢው ጉዳዩ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን ካሳሰቡ በኋላ መሐረባቸውን አቀብለዋቸዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ አባላትን ያጣላ ሥዕል ሕፃናትንም ስለሚያጣላ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ እንዲሰቀል ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ነርሷ ሥዕሉን መጠቅለል ሲጀምሩ፣ የሒሳብ መምህሩ "ሲስተር፣ በናትዎ አንዴ ይቆዩ" ብለው እጃቸውን ይዘዋል። ነርሷ "ልጆቹን ላስተምር ያልኩት ይህንኑ ነበር" ብለዋል። አባላቱ ለሰባት ደቂቃ ሥዕሉን ተመልክተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከዚህ በላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ነርሷ ሐሙስ ይጀምሩ፤ የሒሳብ መምህሩም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይከታተሉ። ስብሰባው በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሲዘጋ፣ ሴትዮዋ ትጠብቃለች ወይስ ትሸኛለች የሚለው ነጥብ ሁለት ለሁለት ስለቀረ፣ ለአራተኛ ክፍል ተመርቷል።