ዶክተር ጌጡ ሊሄዱ ነው

በየከተማው አንድ "ልሄድ ነው" ባይ አይጠፋም። እሱም አይሄድ፣ ሰውንም አያሳርፍ። ለእኛ ለደብረ ታቦሮች የደረሱን ክቡር ዶክተር ጌጡ ናቸው፤ የበግ ፈንጣጣ ተመራማሪ።

ሥራቸው የቫይረስ ዘር መቁጠር ነው። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ለጋብቻ ነው፤ እሳቸው ለፈንጣጣ ይቆጥራሉ። የጉናው ፈንጣጣ ከእብናቱ ጋር አንድ አያት ይኑረው አይኑረው ካላወቁ እህል አይወርድላቸውም። ሰው ታመመ ቢባሉ ንቅንቅ አይሉም፤ በግ ታመመ ከተባሉ በቅሎ ያስጭናሉ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ የምርምር ተቋም ሥራ ከሰጣቸው ወዲህማ ባሰባቸው። "እዚያ መሣሪያው አለ፣ በጉ የለም። እዚህ በጉ አለ፣ መሣሪያው የለም። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" መልሱን አይጠብቁም። መጽሐፍ ይዤ ብቻዬን መቀመጥ የምወድ እኔ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታቸው ነኝ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ "ጥያቄ ያለው ጓድ?" ሲባል እጃቸውን አውጥተው ይህንኑ ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ነገሩ ፀረ አብዮት ይሁን አይሁን ግራ ገብቶት ስብሰባውን በተነ።

በመጨረሻ ተቋሙ "እስከ ሰኞ ካልመጡ ቦታው ለሌላ ይሰጣል" አላቸው። ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ መኪና ተራ አስቀደሙ። ሰፈሩ እፎይ ብሎ ቅዳሜ መሸኛ ደገሰ። እንደ ወጉ ለሁለት ቢላዋ ሁለት በግ ቀረበ፤ የክርስቲያኑን አከራያቸው እትዬ ፈንታነሽ ከጉና አስመጡ፣ የሙስሊሙን ባለሱቁ ጋሽ አደም ከእብናት።

ተሸኚው ቢላዋ ሳይነሳ የበጎቹን ብብት መዳበስ ጀመሩ። መጀመሪያ የጉናውን፣ ቀጥሎ የእብናቱን። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ።

"ፈንጣጣው ሁለቱንም ይዟቸዋል! አይታረዱም!"

"ኧረ ዶክተር፣ እንግዳ ተቀምጧል!" አሉ እትዬ ፈንታነሽ።

"ሁለቱን ዘር ባንድ ግቢ አግኝቼ? እትዬ፣ ይህን ስፈልግ እኮ ነው ጠጉሬ ያለቀው!"

"ወላሂ!" አሉ ጋሽ አደም። "ተሸኚው ቀርቶ ሥጋችን ሄደ።"

"ሰኞስ?" አልኳቸው። "ቦታው ይወሰዳል እኮ!"

እጃቸው የበጉ ብብት ውስጥ እንዳለ አንገታቸውን ደፉ። የሚያለቅሱ መሰለኝ።

"ይወሰዳል" አሉ ቀስ ብለው። "ግን እኔ ስሄድ እናንተ ትበሏቸዋላችሁ።"

ያን ቀን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ሽሮ በላ። ሰኞ አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ።

ፍራሹን ከመኪና ተራ እንዳመጣ የተላክሁት እኔ ነኝ። ዳገቱን ሙሉ ስረግማቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰዎች "አምጣ፣ እናግዝህ" ቢሉኝ አልሰጠኋቸውም።