ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞረው ታማሚ

የሌለችን ሴት «እግዜር ይማርሽ» ይሏታል? እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

በዕድሜዬ ማምሻ በገባሁበት የካርቱም የነርሶች ትምህርት ቤት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ለተማሪ መለማመጃ የተሠራች አንዲት አሮጊት ተኝታለች። ታዝናለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ከዋሿት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«ልጄ፣ ኢንሻላህ እድናለሁ አይደል?» አለችኝ።

እኛ ሐበሾች ለማይድን በሽተኛ የምንለውን አልኳት፤ «ኧረ ምንም አልሆኑም፣ እንዲያውም ወዝዎ ተመልሷል።»

ዞረች። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንኳ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነበረች።

«ያላ፣ እውነቱን በቀስታ ንገሪያት፤ ያለዚያ ፈተናውን አታልፊም» አለች መምህሬ።

ይህን ዴም ሰፈር አብሬያቸው ለምኖር አክስቴ አወራኋቸው። «ምስኪን፣ ማርያም ትማራት በይልኝ» አሉ። እሳቸውም አይድኑም፤ ሐኪሙ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። ወዛቸው እንደተመለሰ በየቀኑ እነግራቸዋለሁ።

በማግስቱ ለአሮጊቷ እውነቱን ነገርኳት። ቀስ ብላ ዞረችና እጇን ዘረጋችልኝ። አለፍኩ። እጇን ልይዝላት ስል ግን የኮምፒውተሩ መስታወት ከለከለኝ።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ የአክስቴን እጅ ያዝኩና፣ «እትዬ፣ ሕመምዎ የሚድን አይደለም» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ያቺ ሴት ዞረች አልሽኝ አይደል?»

«ስዋሻት ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ እውነቱን ስሰማ ነው» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ እጄን ግን አልለቀቁም።