ታሪክ ቅመም አይወድም

ሰማይ ለእያንዳንዱ መንደር አንድ መዋሸት የማይችል ሰው ያዝዛል፤ ሰዉ እንዳይጠግብ። ለእኛ፣ ከአንዶንግ ከተማ ግርጌ ላለነው፣ የደረሱን ሊቀ ሊቃውንት፣ የግጥም አባት፣ የታሪክ ዘብ፣ ክቡር መምህር ፕዮ ቱሆን ናቸው። ከፈረስ ጭራ የተሠራ ባርኔጣቸውን ሳይደፉ ለሽንት እንኳ አይወጡም።

ጉ የሚባለው ቤተሰብ ለሙታኑ ሩዝና ዓሣ አቅርቦ፣ ግንባሩን መሬት አስነክቶ፣ «አገረ ገዥ የነበሩት አባታችን ሆይ» ሲል ከበሩ ሳል ተሰማ።

«አገረ ገዥ አልነበሩም። የአገረ ገዥው ፈረስ ያዥ ነበሩ። ፈረሱም አምልጧል።»

«ኧረ መምህር፣ እስክንነሳ እንኳ!»

«ታሪክ ቅመም አይወድም!»

ጣጣው፣ ሰው ሲሞት ሙገሳው በረጅም ጨርቅ ላይ በግጥም ይጻፍና በቀርከሃ ተሰቅሎ ከቃሬዛው ፊት ይሄዳል፤ ከእሳቸው በቀር ደህና ገጣሚ የለንም። እመት ሜንግ ሲሞቱ «የጎመን ኪምቺዋን ለጎረቤት አካፈለች፤ ጊዜው ካለፈበት በኋላ» ብለው ሰቀሉላቸው።

ስለዚህ አባቴ የሞተ ዕለት እናቴን ከሞቱ ይልቅ ያስጨነቃት ጨርቁ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን መምህርን ጃንጊ በሚሉት ቼዝ መሰል ጨዋታ ሲያጭበረብር ኖሯል። እሳቸው የሩዝ ጠላቸውን ቀና ብለው ሲጨልጡ፣ እሱ ከሰሌዳው ላይ ዝሆን የሚባለውን ጠጠራቸውን አንስቶ እጅጌው ውስጥ ይከታል። «ሌባ!» ብለው ይሄዳሉ። በነጋታው ይመጣሉ።

«መምህር፣ የልጄ አማቾች ከሩቅ መጥተዋል» አለች እናቴ። «በሬሳው ፊት ሌባ ብለው አያዋርዱን።»

«እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ እህቴ።»

«ያዩትንማ እኔም አይቻለሁ! ለዚህ አይደል የምለምንዎ?»

መምህር ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወጡ።

በማግስቱ ቃሬዛው ሲነሳ ጨርቁ ተዘረጋ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አነበብኩ፦

እንደ በረዶ ነጭ እጁ ንጹሕ ነበር፤
ዕድሜ ልኩን ረታኝ ያላንዳች ማጭበርበር።

አማቾቹ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። መንደርተኛው ግን ለቅሶና ሳቅ ተናነቀው፤ ተሸካሚዎቹ አባቴን ሊጥሉት ምንም አልቀራቸውም።

መምህርን ጠጋ አልኳቸው። «ታሪክ ቅመም አይወድም ሲሉ አልነበር እንዴ?»

«ታሪክ ጸሐፊው ዛሬ አሞታል» አሉ፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «የጻፈው ገጣሚው ነው።»

አሁን ከሰሌዳው ማዶ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጠላቸውን ሲጨልጡ ዝሆናቸውን እሰርቃለሁ።

«ሌባ! የሌባ ልጅ!» ብለው ይሄዳሉ።

በነጋታው ይመጣሉ።