ፍሪክሽንን እርሱት

እግዜር ይህችን ዓለም የፈጠረው ለትምህርታቸው ምሳሌ ትሆን ዘንድ ነው ብለው የሚያምኑ መምህር የሌሉበት ግቢ የለም። ሕግ የሚያስተምሩ ከሆነ የእግዜር ሰላምታን ውል ያደርጉታል፤ ታሪክ ከሆነ አንድ ስኒ ሻይ ሳያልቅ ሦስት ነገሥታት ያነግሣሉ። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ላይ ዕጣው ለፊዚክስ ወጣ። በ2010 ዓ.ም. ክቡርነታቸው መምህር ኃይለሚካኤል፣ ዕድሜያቸው ሃያ ዘጠኝ፣ ክብደታቸው ከነጫማቸው ሃምሳ ስድስት ኪሎ፣ ለሦስት ዲፓርትመንት ሦስት ኮርስ ይሰጡ ነበር፦ ፊዚክስ ለባዮሎጂ፣ ፊዚክስ ለኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ለዕፅዋት ሳይንስ።

ሦስት የሚባለው ወረቀት ላይ ነው እንጂ ደብተሩ አንድ ነው። ለባዮሎጂ ተማሪዎች ጉሬዛ ከዛፍ ይወድቃል፤ ለኬሚስትሪዎቹ ፍላስክ ከጠረጴዛ፤ ለዕፅዋት ሳይንስ ደግሞ ጆንያ ቡና ከአይሱዙ ላይ። አምስት ሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ ያየ ሰው የለም፤ ከፍታው ግን ሁልጊዜ አምስት ሜትር ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ሰከንድ ነው። ባዮሎጂ ቀድሞ ስለሚፈተን ኬሚስትሪዎች በር ላይ ቆመው ይጠብቁና ገና ሰላም ሳይሉ «ምን ወደቀ?» ይላሉ። ጉሬዛ ከተባሉ ጉሬዛውን በፍላስክ ተክተው ይገባሉ።

ክቡርነታቸው ሁለት ቃል አላቸው። አንዱ «ያው ፊዚክስ ነው» ነው፤ ስለ ሆድ ቁርጠትም ስለ ሎተሪም ይሠራል። ሁለተኛው፣ ጥያቄ በጠነከረ ቁጥር የሚመጣው፣ «ፍሪክሽንን እርሱት» ነው፤ ሰበቃ እንደሌለ ቁጠሩት ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ጃፈር ሱቅ ገብተው፣ ኪሎ ክብደትን አይለካም፣ ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው ብለው ሩብ ሰዓት ካስረዱት በኋላ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ኒውተን ስኳር ጠየቁት። ጃፈር አባቱ ከወሎ መጥተው የከፈቱትን ሱቅ የወረሰ፣ ብዙ ሰው ያየ ነጋዴ ነው። ኒውተን ማለቁን፣ ኪሎም ቢሆን ለወሩ መጨረሻ እንደሚመጣ በትሕትና ነገራቸው። ሌላ ቀን ከተማው ሁሉ ከዝናብ ተጠልሎ ሳለ እርሳቸው በሚሮጥና በሚራመድ ሰው መካከል ማን የበለጠ እንደሚበሰብስ መሐል መንገድ ላይ ቆመው ሲያሰሉ ታዩ። በሰበሱ፤ ሁለቱንም አልሞከሩማ።

ድምፃቸውን አስመስሎ በማውራት በዛወርቅን የሚያህል አልነበረም። በዛወርቅ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ገጠር ልጅ፣ የባዮሎጂ ተማሪ ናት። አንድ ለአምስት ቡድኗን በ«ፍሪክሽንን እርሱት» እያሳቀች የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨረሰችና ዋርኒንግ ይዛ ሁለተኛውን ጀመረች። ፊዚክስ ላይ ኤፍ ከመጣ ትባረራለች። አባቷ ጥሩሰው ልጁ ሐኪም ልትሆን ነው ብሎ ለቀዬው ሁሉ ተናግሯል፤ ባዮሎጂ ሌላ፣ ሕክምና ሌላ ነው ብላ ብታስረዳውም አልሰማትም።

የሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ፈተና መጣ። አምስተኛው ጥያቄ ብቻውን አሥር ማርክ ነው፦ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ቀፎ ዛፍ ላይ ታስሯል፤ ገመዱ በቅርንጫፍ ላይ አልፎ ወርዷል፤ አንዲት ልጅ ከታች ይዛዋለች። ቀፎው እንዳይወድቅ በስንት ኒውተን ትያዘው? ፍሪክሽንን እርሱት።

በዛወርቅ ሳቀች። ያቺ ልጅ እርሷ ነበረች። አባቷ ቀፎ ሊሰቅልና ሊያወርድ ዛፍ ላይ ሲወጣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ገመድ የምትይዘው እርሷ ናት። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ገመዱ ግንዱን ሁለት ጊዜ ከዞረ በአንድ እጅ ይያዛል። ካልዞረ አይያዝም።» ወረቀቱ በማግስቱ ተመለሰ። አምስተኛው ጥያቄ ላይ ዜሮ። በጠቅላላው ከሠላሳው ማርክ ስምንቱን ብቻ አገኘች።

ቢሯቸው ሄደች። እርሳቸውም መልሱ ሦስት መቶ ኒውተን መሆኑን፣ ጥያቄው ፍሪክሽንን እርሱት ማለቱን በትዕግሥት አስረዷት። በዛወርቅ የመጣባት ሳቅ ሳይሆን እንባ ነበር።

«ቲቸር፣ እኛ ፍሪክሽንን ከረሳን ቀፎው ጭንቅላቴ ላይ ነው የሚያርፈው።»

መምህሩ ቅዳሜ ማንኪራ ድረስ መጥተው በተግባር እንደሚያሳዩዋት ነገሯት።

ቅዳሜ መጡ። የኪራይ ሞተር ሳይክል መንገዱ እስካለቀበት አደረሳቸው፤ ቀሪውን በሹል ጫማቸው ጭቃውን እየተንሸራተቱ ማንኪራ ገቡ። ጥሩሰው ንቡ ጥሎት የሄደ አሮጌ የግንድ ቀፎ ሊያወርድ ቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነበር። በዛወርቅ በቅርንጫፍ ላይ አልፎ የወረደውን የሐረግ ገመድ ግንዱ ላይ ልታዞር ስትል መምህሩ ከለከሏት። እርሳቸው አምስት መቶ ስድሳ ኒውተን ይመዝናሉ፤ ቀፎው ሦስት መቶ ነው፤ ስለዚህ የሚያሰጋ ነገር የለም። ይህን ብለው ከቀፎው ሥር ቆሙና ገመዱን በሁለት እጃቸው ያዙ። በዛወርቅ ከጀርባቸው የተረፈውን ገመድ ሁለት ዙር ግንዱ ላይ ጠመጠመችው። ለመምህር እሺ ይባላል፤ ለቀፎ ግን እሺ አይባልም።

ጥሩሰው ከላይ ለቀቀ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ መዳፋቸው ግን ሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። ገመዱ ቆዳቸውን ይዞ ሄደ። ቀፎው ቅጠል እያረገፈ ወረደ፣ ወረደና ከራሳቸው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቆመ። ዛፉ ላይ ያለው ጥሩሰው ምን እንደሆነ በካፍኛ ጠየቀ። ልጁም መምህሩ ፈተና ላይ ናቸው ብላ መለሰችለት።

ክቡርነታቸው ቀና ብለው ቀፎውን አዩት። ከዚያ ዞረው እርሷን አዩ።

«ስንት ዙር ነው?»

«ሁለት ነው፣ ቲቸር።»

«በአንድ እጅሽ?»

«በአንድ እጄ።»

«ያው ፊዚክስ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አንሶ ነበር። መዳፋቸው እየደማ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ዙሩን ሣሉት። ጥሩሰው ወርዶ እጃቸው ላይ ማር ቀባላቸው፤ ለምን እንደሚቀባም አስረዱት።

ሰኞ ሁለት እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ክፍል ገቡ። ጠመኔ መያዝ አልቻሉምና በዛወርቅን ወደ ሰሌዳው አወጧት። ግንዱን ሣለች፣ ገመዱን ሣለች፣ ከልማድ «ፍሪክሽንን» ብላ ጀመረች።

«እሱን አትጻፊው» አሏት። ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «አምስተኛው ጥያቄ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ገመድ ሳልይዝ ነው ስለ ገመድ የጠየቅኳችሁ። የበዛወርቅ መልስ ልክ ነው፤ አሥሩ ይሰጣታል።»

 እዚያ ግቢ ውስጥ ተሳስቻለሁ ያለ መምህር ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። በዛወርቅ ከዚያች ቀን በፊት ከእኚህ ሰው የምትወደው ድምፃቸውን ብቻ ነበር፤ እርሱንም ለማላገጥ። አሁን በፋሻ የተጠቀለሉትን ሁለት እጆች ስታይ ግን እርሳቸውን ወደደቻቸው።

ስትወጣ ኬሚስትሪዎች በር ላይ ተኮልኩለዋል። ረቡዕ ይፈተናሉ፤ በዚያ ላይ ፋሻውን አይተዋል። ምን ወድቆባቸው ነው፣ እስቲ በድምፃቸው አድርገሽ ንገሪን እያሉ ከበቧት።

በዛወርቅ ደብተሯን ብብቷ ሥር አደረገች።

«ምንም አልወደቀም» አለቻቸው፣ በራሷ ድምፅ።

እውነቷን ነው። ይዛው ነበራ።